የጠፋ ለስላሳ ጋሻ ኤሊ ከስብርባሪ አጥንት፦ ዓይናማው ንድፍ ብቻውን ዝርያ ይለያል?

ደለል_አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትራዮኒኪዴ ስለሚባለው የለስላሳ ጋሻ ኤሊዎች ቤተሰብ ነው። ቦታው ሞንታናና አልበርታ ውስጥ ያለው የጁዲዝ ሪቨር ደለል፣ ዕድሜው 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እንዲህ ያለ ስብስብ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ እንበል፦ 118 ሚሜ ርዝመት ያለው አንድ ኮስታል (የጀርባ ጋሻ የጎን ሰሌዳ)፣ ግማሽ ኑካል (የጀርባ ጋሻ የፊተኛው ሰሌዳ)፣ እና መጠናቸው የማይመጣጠን ሁለት ሃዮፕላስትሮን (የሆድ ጋሻ አጥንት)። ከአንድ ሽፋን ተለቀሙ፤ ተያይዘው ግን አልተገኙም። የድሮው ካርድ «ትራዮኒክስ» ይላል። ጽሑፎቹ ውስጥ ደግሞ አስፒደሬቴስ፣ አስፒደሬቶይደስ፣ አክሰስቴሚስ፣ አፓሎን የሚሉ የወገን ስሞች ይፈራረቃሉ።

ላይ ያለው ጉድጓዳማ ንድፍ ከሌሎቹ የታተሙ ሥዕሎች ይለያል። አዲስ ዝርያ ለማለት ይህ ይበቃል? ካልበቃስ ከየትኛው አጥንት ምን ይለካል? ሁለቱ ሃዮፕላስትሮን የሁለት ዝርያ ናቸው ማለት ይቻላል?

አጥንት_ቆጣሪ

በቅድሚያ ቤተሰቡን አረጋግጥ። ብዙ ሰው ንድፉን አይቶ በቀጥታ ወደ ዝርያ ይሮጣል፤ ስህተቱም እዚያው ይጀመራል።

የትራዮኒኪድ ሰሌዳ የላይኛው ፊቱ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይናማ ነው፤ የታችኛው ፊቱ ልሙጥ ነው። ነገር ግን ዓይናማ አጥንት ሁሉ ትራዮኒኪድ አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል እየጣልክ ሂድ፦

የቀንዳማ ቅርፊት ወሰን ቦይ ፈልግ። አዶሲዶችና ናንሲዩንግኬሊዶች የሚባሉት የጠፉ የኤሊ ቤተሰቦችም ንድፍ አላቸው፤ ነገር ግን የውጪው ቀንዳማ ቅርፊት የተገናኘበት ቀጭን ቦይ ንድፉን እያቋረጠ ያልፋል። ትራዮኒኪዶች ቀንዳማ ቅርፊት ስለሌላቸው ይህ ቦይ በጭራሽ አይገኝባቸውም። መብራቱን ከጎን፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ አድርገህ ካላበራህ ጥልቀት የሌለው ቦይ አይታይህም።

ቦይ ከሌለ ካሬቶኬሊዶችን አስብ። የዛሬው የኒው ጊኒና የሰሜን አውስትራሊያ ባለ አሳማ አፍንጫ ኤሊ የዚያ ወገን ነው፤ እሱም ቀንዳማ ቅርፊት የለውም። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው። ካሬቶኬሊድ የዳር አጥንቶች አሉት፤ ኮስታሉም ከእነሱ ጋር በስፌት ይጋጠማል። የትራዮኒኪድ ኮስታል ግን ውጪኛው ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፤ የጎድን አጥንቱ ጫፍ ብቻውን ሹል ሆኖ ከሰሌዳው ይወጣል።

ትንንሽ ስብርባሪ ከሆነ አዞንም አትርሳ። የአዞ የቆዳ ሰሌዳ ጉድጓዱ ሰፋፊና ጥልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ሸንተረር ይኖረዋል፤ በታችኛው ፊቱም የጎድን አጥንት ምልክት የለም። የአምባዛ ዓሣ የራስ ቅል ደግሞ ጉድጓዱ ሳይሆን እብጠቱ ይበዛል።

የአንተ ኮስታል ይህን ሁሉ ካለፈ «ትራዮኒኪዴ» ብለህ በእርግጠኝነት መጻፍ ትችላለህ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው ከባዱ።

ንድፉ ለምን አይበቃም? በአንድ እንስሳ ጀርባ ላይ እንኳን ስለሚለያይ። መሐል ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሆናል፤ ወደ ጠርዝ ሲጠጋ ጉድጓዶቹ ይገናኙና ከጠርዙ ጋር የሚሄዱ ጭረቶች ይሆናሉ። በግልገልነት ደቃቅ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ይሰፋል። ጋርድነርና ራስል በ1994 ባሳተሙት ጥናት ዛሬ በሕይወት ባሉት ዝርያዎች ላይ ይህን ፈትሸዋል፤ ለመለያ ይቆጠሩ የነበሩ ብዙ የጀርባ ጋሻ ባሕርያት በአንድ ዝርያ ውስጥ ከዕድሜ ጋርና ከግለሰብ ግለሰብ እንደሚለያዩ አሳይተዋል። እንግዲህ ያንተ ኮስታል ከታተመው ሥዕል ቢለይ፣ ሥዕሉ የስንተኛው ኮስታል ነው? የየትኛው ዕድሜ? የየትኛው ጥግ? ይህን ሳትመልስ ማወዳደር ጤፍን ከስንዴ ጋር መስፈር ነው።

ቀጭን_ቁራጭ

ቤተሰቡን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። ሻየርና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት የትራዮኒኪድ ሰሌዳ የውጪኛው ንጣፍ እንደ ኮምፔንሳቶ የተነባበረ ነው፤ የኮላጅን ክር እሽጎች በየንብርቡ አቅጣጫ እየለወጡ ይሻገራሉ። በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቀ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ንድፉ በውኃ ተፍቆ የጠፋበት ስብርባሪ ቢሆንም ይሠራል።

አሠራሩ፦ ከመቆረጡ በፊት ፎቶ፣ ልኬት፣ ከተቻለ ሲቲ ስካን፣ ከዚያ የሲሊከን ቅርጽ ማውጣት። ቁራጩን በኤፖክሲ ማልበስ፤ ለጎድን አጥንቱ ቀጥ ያለ መስቀለኛ ቁርጥ መምረጥ፤ ከ60 እስከ 80 ማይክሮሜትር ድረስ ማሳሳት። ከዚህ በላይ ካሳሳኸው የክሮቹ ቀለም ይደበዝዛል፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ንብርቦቹ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ኤፖክሲው ከመድረቁ በፊት በቫክዩም አረፋው ካልወጣ ስፖንጅ መሰሉ መካከለኛ ክፍል በማሳሳት ላይ እየተፈረፈረ ይወድቃል።

ዝርያ ግን ከዚህ አይጠበቅ። ብቸኛውን ናሙና መቁረጥም አይገባም፤ ስም የሌለው ስብርባሪ ከዚያው ሽፋን ይገኛል።

ሸንተረር

አጥንት_ቆጣሪ ባልከው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ንድፍን ሙሉ በሙሉ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ሄሎፓኖፕሊያ ዲስቲንክታ የሚባለውን የጠፋ ለስላሳ ጋሻ ኤሊ ተመልከቱ። ኦሊቨር ሄይ በ1908 ስሙን የሰጠው ከስብርባሪ ነው፤ ከመለያዎቹ አንዱ ጉብ ጉብ ያለው ንድፍ ነበር። ጆይስና ላይሰን በ2017 ከዚያ የተሟላ ጋሻ ሲገልጹ ስሙ ቆመ፤ ዝርያው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ከስብርባሪ ስም አይወጣም» የሚል ጥቅል ሕግ አውጥተን ብንጨርስ እውነተኛ ዝርያዎች መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ።

አጥንት_ቆጣሪ

@ሸንተረር ልክ ነህ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሄሎፓኖፕሊያ ነገር ልዩ የሚሆነው ንድፉ ከቤተሰቡ የተለመደ ጉድጓድ በዓይነቱ ስለሚለይ ነው። የጉድጓድ መጠን ልዩነት ሌላ ነው፤ ጉድጓድ ጉብታ መሆኑ ሌላ ነው። ደለል_አንባቢ የጠየቀው የመጀመሪያውን ይመስለኛል።

ለማንኛውም ንድፉ ይመዝገብ። «ሻካራ»፣ «ደቃቅ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። በኮስታሉ ሦስት ቦታ፣ ማለትም ከኒውራሉ (በጀርባው መሐል መስመር ካለው ሰሌዳ) አጠገብ፣ መሐል ላይ እና ከውጪው ጠርዝ 1 ሴሜ ገባ ብሎ፣ በ1 ካሬ ሴሜ ውስጥ ያሉትን ጉድጓዶች ቁጠርና ሦስቱንም ቁጥር ለየብቻ ጻፍ። አማካይ አታውጣ፤ መረጃው ያለው ልዩነቱ ውስጥ ነው።

የስም_ሕግ

ካርዱ ላይ ስላለው «ትራዮኒክስ» ልጨምር፤ የስሞቹን ታሪክ ሳያውቁ የድሮ ጽሑፍ ማንበብ ያሳስታልና።

ጆሴፍ ላይዲ ትራዮኒክስ ፎቪያተስ ብሎ ከጁዲዝ ሪቨር በመጡ ስብርባሪዎች ላይ ስም ያወጣው በ1856 ነው። ፎቪያተስ በላቲን «ጉድጓዳማ» ማለት ነው። ዛሬ ስናየው መላው ቤተሰብ የሚጋራውን ባሕርይ ለአንድ ዝርያ መጠሪያ ማድረግ ነበር፤ በጊዜው ግን የሚወዳደር ነገር ስላልነበረ ላይዲን አልወቅስም።

ከዚያ ሄይ መጣ። በ1908 የሰሜን አሜሪካን ቅሪተ አካል ኤሊዎች በሙሉ ሲያጠቃልል ብዙዎቹን አስፒደሬቴስ ውስጥ ከተታቸው። ምክንያቱ ፕሪኒውራል የሚባለው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ኮስታሎች መካከል አንድ ብቻ መሆን ሲችል ሁለት ኒውራል መኖሩ። ችግሩ፣ ሁለት መሆኑ የጥንቱ ሁኔታ ነው፤ ተዋሕደው አንድ መሆናቸው ነው አዲሱ። ጥንታዊ ባሕርይን መጋራት ዝምድናን አያሳይም። በዚህ ምክንያት የህንድ ዝርያዎችና 75 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የአሜሪካ ቅሪቶች ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ተጠሩ።

ፒተር ሜይላን በ1987 መላውን ቤተሰብ በዝምድና ትንተና ሲያደራጅ ትራዮኒክስ የሚለው ስም ዛሬ በሕይወት ካሉት ውስጥ ለአፍሪካው ትራዮኒክስ ትራይዩንጉዊስ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ከ1987 በፊት የተጻፈ ካርድ «ትራዮኒክስ» ካለ «የለስላሳ ጋሻ ኤሊ ቤተሰብ» ከማለት የበለጠ ትርጉም አትስጠው።

በ1995 ጋርድነር፣ ራስልና ብሪንክማን የጁዲዝ ሪቨሩን ስብስብ እንደገና ከልሰው አስፒደሬቶይደስ የሚለውን ወገን አወጡ፤ ፎቪያተስ፣ ስፕሌንዲደስና አላኒ እዚያ ገቡ፤ ላተስ ወደ አፓሎን ሄደ። በኋላ ስፕሌንዲደስ ግዙፎቹ ወዳሉበት ወደ አክሰስቴሚስ ተዛወረ። ቪቴክና ጆይስ በ2015 የአዲሱን ዓለም ቅሪቶች በሙሉ ስም በስም ገምግመዋል፤ የትኛው ስም ጸንቷል፣ የትኛው አጠራጣሪ ነው የሚለውን ለማየት መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

ደለል_አንባቢ

እጅግ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ኑካሉና ወደ ሆድ ጋሻው ብንገባ? ኮስታሉ ስንተኛ እንደሆነስ በምን ይታወቃል?

አጥንት_ቆጣሪ

ኮስታሉን ገልብጠው። በታችኛው ፊት የጎድን አጥንቱ እንደ ሸንተረር ይሄዳል። ወደ ፊት ከታጠፈ ከፊተኞቹ ነው፤ ቀጥ ካለ ከመካከለኞቹ፤ ወደ ኋላ ከታጠፈ ከኋለኞቹ። የመጀመሪያው ኮስታል በቀላሉ ይለያል፦ ከራሱ ጎድን ሌላ የመጀመሪያው የደረት አንጓ አጭር ጎድን ከታች ተጣብቆበት ይገኛል ወይም የተጣበቀበት ጠባሳ ይታያል፤ የፊት ጠርዙም ለኑካሉ የተሠራ ነው። ውስጠኛው ጫፍ ላይ ከኒውራሎች ጋር የሚገጥሙትን ጎኖች ቁጠር። ኒውራሎቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፤ አጭሩ ጎን ከኋላ መሆኑ አንድ ቦታ ላይ ይገለበጥና ወደ ፊት ይዞራል። መገልበጫው ስንተኛው ኒውራል ላይ እንደሆነ ከባሕርያቱ አንዱ ነው፤ አንድ ኮስታል ብቻ ይዘህ ግን አትደርስበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስህተት አለ፤ ስብራትን ስፌት ብሎ ማንበብ። ስፌት ጥርስ በጥርስ የተሰካካ፣ የውስጥ ስፖንጁ የማይታይበት፣ ቀለሙ ከላይኛው ፊት ጋር አንድ የሆነ ጠርዝ ነው። ስብራት ስፖንጁን ያሳያል። የቆየ ስብራት በማዕድን ስለሚሸፈን ያሳስታል፤ በ10 እጥፍ ማጉያ ሳይታይ አይወሰን።

ኑካሉ ከኮስታሉ ይሻላል። ግማሽ ቢሆንም መካከለኛ መስመሩ ካለ ስፋቱን በእጥፍ አስልተህ ለርዝመቱ አካፍለው፤ ይህ ንጽጽር ከሜይላን ጀምሮ በማትሪክስ፣ ማለትም ዝምድና በሚሰላበት የባሕርያት ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። የኋላ ጠርዙን ደግሞ ተመልከት፦ በኑካሉና በመጀመሪያው ኮስታል መካከል ክፍተት አለ ወይስ ተዘግቷል? ክፍተቱ በግልገሎች ሁሉ ክፍት ነው፤ በብዙዎቹ ሲያድጉ ይዘጋል፤ በአንዳንዶቹ እስከ ሽምግልና ይቆያል። ስለዚህ ክፍት ክፍተት በራሱ መለያ አይሆንም፤ ትልቅ አጥንት ላይ ክፍት ከሆነ ግን ዋጋ አለው።

ሆድ ጋሻው ዘጠኝ አጥንት ነው፦ ሁለት ኤፒፕላስትሮን፣ አንድ ኤንቶፕላስትሮን፣ ከዚያ ሃዮ፣ ሃይፖና ዚፊፕላስትሮን ሁለት ሁለት። ዝርያ ለመለየት ከጀርባ ጋሻው ይልቅ የማምነው እሱን ነው። ለአንተ ሁለት ሃዮፕላስትሮን የመጀመሪያው ጥያቄ የኋላ ጠርዛቸው ነው። ከሃይፖፕላስትሮን ጋር የሚገናኝበት ስፌት በግልጽ ካለ ሳይክላኖርቢና ከሚባለው ንዑስ ቤተሰብ አይደለም ማለት ይቻላል፤ በእነዚያ ሁለቱ አጥንቶች ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆይ ይዋሐዳሉ። ሁለተኛው፣ ዓይናማው ጠንካራ ሽፋን፣ ካሎሲቲ የሚባለው፣ የአጥንቱን ምን ያህል ይሸፍናል? ወደ መካከለኛው መስመር ይደርሳል? ሦስተኛው፣ ወደ መሐል የሚወጡት ጣት መሰል ጫፎች ስንት ናቸው፣ ተሰብረው ነው ወይስ ከመጀመሪያው አጭር ናቸው?

ካሎሲቲው ሰፊ ሆኖ የግራና የቀኙ አጥንት መካከለኛው መስመር ላይ በስፌት ከተገናኙ ፕላስቶሜኒዶች የሚባሉትን የጠፉ ለስላሳ ጋሻ ኤሊዎች አስብ። ሀቼሚስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ፕላስቶሜኒዶች በካምፓኒያን ዘመንም ስለነበሩ በጁዲዝ ሪቨር ዕድሜ አይጠበቁም ማለት አይቻልም።

አሁን መጠኑ። ሁለት መጠን ስላለ ሁለት ዝርያ ለማለት አትቸኩል። ካሎሲቲ ከዕድሜ ጋር ይሰፋል። በዛሬዎቹ አፓሎኖች ሴቷ ከወንዱ በብዙ ትበልጣለች፤ በአንድ ኩሬ ውስጥ ሁለት የተለያየ ስብስብ የሚመስል ነገር ወንድና ሴት ሊሆን ይችላል። ትንሹ ሃዮፕላስትሮን ካሎሲቲው ጠባብ፣ ትልቁ ሰፊ ከሆነ ዕድሜ ብቻ ያብራራዋል። ትንሹ ሰፊ፣ ትልቁ ጠባብ ከሆነ ግን ዕድሜ አያብራራውም። ያን ጊዜ ነው ልብ የሚመታው።

ሸንተረር

መጠንን በተመለከተ አንድ ወጥመድ፦ ስለ ዛሬዎቹ ዝርያዎች የሚጻፈው የጀርባ ጋሻ ርዝመት የቆዳውን ጠርዝ ጨምሮ ነው። ቅሪተ አካሉ የሚሰጠን አጥንታማውን ክብ ብቻ። ሁለቱን ቁጥር በቀጥታ ያወዳደረ ሰው ትልቁን እንስሳ ግልገል ብሎ ይፈርጃል። ንጽጽሩ አጥንት ለአጥንት ይሁን፤ አጥንቱ የተነጠለ የዛሬ ዝርያ አጽም ያስፈልጋል።

የዕድሜ ምልክቶች አንድ ላይ ይነበቡ። የጎድን ጫፎቹ ከሰሌዳው ምን ያህል ይወጣሉ፤ በግልገል ረጅም ናቸው፤ ሰሌዳው እየሰፋ ሲሄድ ይውጣቸዋል። ንድፉ እስከ ጠርዝ ደርሷል? ክፍተቶቹ ተዘግተዋል? ሦስቱ ምልክቶች እርስ በርስ ከተጋጩ ያ ራሱ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው።

ዛፍ_ተካይ

ስለ ዝምድና ትንተናው። የሜይላን የ1987 ማትሪክስ እስከ ዛሬ መሠረት ነው፤ በኋላ የመጡት እያረሙና እየጨመሩ ነው የሠሩት። አዲሱን ተወካይ ስታስገባ የማይታየውን «?»፣ የማይመለከተውን «-» ብለህ ለይ። ለምሳሌ ስምንተኛ ኮስታል የሌለው እንስሳ ላይ ስለ ስምንተኛው ኮስታል ቅርጽ የሚጠይቀው ባሕርይ «-» ነው፤ አጥንቱ ስለተሰበረ የማናውቀው ከሆነ «?» ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሲያሰሉ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው ግን ልዩነቱን ማየት አለበት።

ሁለተኛ፣ የዛሬዎቹን ዝርያዎች ዝምድና ከዘረመል ውሰድና እንደ ምሰሶ አስረው። ኤንግስትሮም፣ ሻፈርና ማኮርድ በ2004 እንዳሳዩት በዚህ ቤተሰብ ተመሳሳይ ባሕርይ ተደጋግሞ በየፊናው ይፈጠራል። ምሰሶ ሳይኖር አጥንት ብቻ ከተሰላ ዛፉ ዝምድናውን ሳይሆን መመሳሰሉን ይከተላል። ምሰሶ ሲታሰር ቅሪተ አካሉን ብቻ ነጻ ትተህ ያለበትን ቅርንጫፍ ትፈልጋለህ።

ቲኤንቲ በሚባለው የዛፍ ማስያ ፕሮግራም ላይ 1000 ድግግሞሽ፣ በእያንዳንዱ 10 ዛፍ አስቀምጥ፤ ከዚያ በተገኙት ላይ ቲቢአር (ቅርንጫፍ ቆርጦ መልሶ የማገናኘት ፍለጋ) እንደገና አሂድ። የውጪ ማነጻጸሪያህ ካሬቶኬሊድና አዶሲድ ይሁኑ። ከዚህ በታች ያለው ጉዳት በተደጋጋሚ ይደርሳል፦ 80 በመቶው «?» የሆነ ስብርባሪ ሲገባ የጋራ ዛፉ ይፈርሳል፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጣ ማበጠሪያ ይሆናል። ሰውም ማትሪክሱ መጥፎ ነው ብሎ ያስባል። የሚንከራተተውን አንዱን ተወካይ ከጋራ ዛፉ ላይ ብቻ ቀንሰህ እይ፤ ከስሌቱ አታውጣው። ሌላው ቅርንጫፍ ከተመለሰ ጥፋቱ የእሱ ነበር፤ የት የት እንደተንከራተተም ጻፍ፤ እሱም ውጤት ነው።

ፕላስቶሜኒዶች ራሳቸው ለዚህ ትምህርት ናቸው። ጆይስና ላይሰን በ2010 ከሳይክላኖርቢና ጋር አዛመዷቸው፤ የጠነከረው ሆድ ጋሻ ለዚያ ይገፋል። ነገር ግን የጠነከረ ሆድ ጋሻ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ሊፈጠር ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ትንተናዎች ሁሉ እዚያው አላስቀመጧቸውም። የራስ ቅል ያለው ናሙና በተገኘ ቁጥር ክርክሩ ይቀየራል። በራስ ቅል የሚታዩት ብዙ ናቸው፦ የላንቃው መሐል ቤዚስፌኖይድ ከፓላታይኖች ጋር መገናኘቱ፣ ከዓይን ጉድጓድ ኋላ ያለው ድልድይ ስፋት፣ የታችኛው መንጋጋ መጋጠሚያ ላይ ሸንተረር መኖሩ። የማኘኪያው ገጽ ስፋት ግን ይጠንቀቁት፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ሽማግሌዎቹ ጠንካራ ነገር ለመስበር ገጹ እየሰፋ ይሄዳል፤ ወጣቱና ሽማግሌው ሁለት ዝርያ ይመስላሉ።

ቀጭን_ቁራጭ

ስለ አጠባበቁም አንድ ነገር ይባል፤ ስፌትና ንድፍ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በጥገና ላይ ነው። ለማጠንከሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለው ሙጫ በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን 5 ግራም፤ ለማጣበቂያ 50 ግራም። ማጠንከሪያው ወፍራም ከሆነ ጉድጓዶቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ያብረቀርቃል፤ በአሴቶን የረጠበ ብሩሽ ያነሳዋል። በዝናብ ቀን ወይም እርጥበት ባለበት ክፍል ከተሠራ አሴቶኑ ሲተን ውኃ ይስባል፤ ገጹ ነጭ ጉም ይለብሳል። ደረቅ ቀን እስኪመጣ ማቆየት ነው።

የጎደለውን በጂፕሰም ሞልቶ ጉድጓድ ቀርጾ ማስመሰል ክልክል ነው። የድሮ ናሙናዎች ላይ ይህ ተሠርቷል፤ መሙያው ጥቁር ቀለም ስለተቀባ በፎቶ ላይ አይለይም። በአልትራቫዮሌት መብራት ይጋለጣል። ማትሪክስ ከመሙላት በፊት ይህ ይደረግ።

ለፎቶ መብራቱ ከላይ ከግራ። ንድፉን ለማጉላት የአሞኒየም ክሎራይድ ጢስ ስስ አድርጎ መንፋት ይረዳል፤ እርጥበት ስለሚስብ በዚያው ቀን ይነሳ።

ደለል_አንባቢ

አንድ ጥያቄ ደግሞ ስለ እኛ አካባቢ። በቱርካና ተፋሰስ ለሚገኙት ይኸው መንገድ ይሠራል?

አጥንት_ቆጣሪ

ይሠራል፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀላል። አፍሪካ ውስጥ ዛሬ ያሉት ትራዮኒክስ ትራይዩንጉዊስ ከአንድ ወገን፣ ሳይክላኖርቢስና ሳይክሎደርማ ከሌላው ወገን ናቸው። ስለዚህ ሃዮና ሃይፖፕላስትሮን መዋሐዳቸው ብቻውን ስብስቡን ለሁለት ይከፍለዋል። ሜይላንና ባልደረቦቹ በ1990 ከቱርካና ተፋሰስ ሳይክላኖርቢስ ቱርካነንሲስና ሳይክሎደርማ ደብሮይኔ የሚባሉ ሁለት የጠፉ ዝርያዎችን ሰይመዋል። ከዚያ የሚቀድመው ሳይክሎደርማ ቪክቶሪዬ ነው፤ ከኬንያ ሚዮሲን፣ በ1914 የተሰየመ።

ትራይዩንጉዊስ ዛሬም ኦሞ ወንዝና ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። አጽሙ በየዕድሜው ተዘጋጅቶ፣ ከግልገል እስከ ሽማግሌ፣ በአገር ውስጥ ስብስብ ቢቀመጥ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል። ከላይ ያልነው የዕድሜ ንጽጽር ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

የስም_ሕግ

አዲስ ስም እስከማውጣት ከተደረሰ፦ ከ1999 በኋላ የሚወጣ የዝርያ ስም ሆሎታይፑ (ስሙ የሚታሰርበት ናሙና) በግልጽ መጠቀስና የት እንደሚቀመጥ መጻፍ አለበት። አንድ ግለሰብ እንስሳ ይሁን። ኮስታሉን፣ ኑካሉንና ሃዮፕላስትሮኑን አንድ ላይ ሆሎታይፕ ማድረግ ትልቁ አደጋ ነው፤ ተያይዘው ካልተገኙ የሁለት ዝርያ ድብልቅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በኋላ የሚመጣ ሰው ስሙ የየትኛው አጥንት እንደሆነ ለመወሰን ይገደዳል። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚታተም ከሆነ ከ2012 ጀምሮ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ ምዝገባ ግዴታ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት፤ ቃሉ ግን ከየትኛውም ቋንቋ መምጣት ይችላል፤ ከአማርኛም ሆነ ከዳሰነችኛ።

የድሮ ሆሎታይፕ ከቤተሰብ በታች የማይለይ ስብርባሪ ሆኖ ከተገኘ ስሙን በራስ ፈቃድ ወደ ተሻለ ናሙና ማዛወር አይቻልም። ለዓለም አቀፉ የስም ኮሚሽን ማመልከትና ኒዮታይፕ (ተተኪ የስም ናሙና) እንዲፈቀድ መጠየቅ ነው መንገዱ። እስከዚያ አጠራጣሪ ስም ብሎ መተው።

ደለል_አንባቢ

እንግዲያው ካርዶቹ እንዲህ ይሁኑ? ኮስታሉ፦ ትራዮኒኪዴ፣ ከዚህ በታች ያልተለየ። ኑካሉም እንዲሁ፣ ስፋት ለርዝመት ቁጥሩ ተጽፎ። ሁለቱ ሃዮፕላስትሮን ስፌታቸው ስላልተዋሐደ «ሳይክላኖርቢና ያልሆነ ትራዮኒኪድ»። ንድፉ በሦስት ቦታ ተቆጥሮ በማስታወሻ ይግባ፤ በስም ውስጥ ግን አይግባ።

የስም_ሕግ

ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ አጥንት የተለየ ቁጥር ስጥ፤ አራቱን በአንድ ቁጥር አታስቀምጥ። «ትራዮኒክስ» የሚለውን የድሮ ካርድም አትጣለው፤ ከኋላው የሽፋኑና የለቀማው መረጃ ሊኖር ይችላል፤ በአዲሱ ሥር አስቀምጠው።

ሸንተረር

ትልቁ ሃዮፕላስትሮን ላይ ያሉት የመሐል ጫፎች ተሰብረው ከሆነ ካርዱ ላይ «ተሰብረዋል» ብለህ ጻፍ። ካለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አጭር ናቸው ብሎ ማትሪክስ ውስጥ ያስገባቸዋል።